በሯ የማይዘጋ የኮብራ ቅጂ እና የቪ8 ሞተር ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከሌላ ሰው የገዟት፣ የ1960ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የስፖርት መኪና ኮብራን አስመስሎ የተሠራች ቅጂ አለቻቸው። ቦዲዋ ፋይበር ግላስ ነው፤ ሻንሲዋን አንድ ግለሰብ ከአራት ማዕዘን ቱቦላሬ በይዶ ሠርቶታል፤ ሞተሯ አሮጌ 2.8 ሊትር ቪ6 (ባለ ስድስት ሲሊንደር) ነው። አንዱን የፊት ጥግ በክሪክ ሲያነሱ በሩ አይዘጋም። ጎማዋ ጉብታ ሲመታ መሪው ራሱን ያዞራል። ነዳጅ ሲሰጧት ከወለሉ ሥር ንዝረት ይመጣል። መንገድ ሲዘጋጋ ትሞቃለች። አሁን የፎርድ 5.0 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ወይም ኤልኤስ የተባለውን የጄኔራል ሞተርስ ቪ8 ሊገጥሙላት አስበዋል። «የትኛው ይሻለኛል? ሞተሩን አስቀድሜ ገጥሜ ሌላውን እየነዳሁ ቀስ በቀስ ባስተካክልስ? ቦዲው ከወረደ አይቀር አብሮ ቀለም ቢቀባስ?» ይላሉ።

ከመካከለኛው ልጀምር። አይሆንም። ከዘረዘሯቸው ችግሮች ሁሉ ከባዱ ሙቀቱ ወይም ንዝረቱ ሳይሆን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ያለፉት በር ነው። አንድ ጥግ ሲነሳ በር የሚጣበቀው የበሩ ክፈፍ ቅርጹን ሲለውጥ ነው፤ ክፈፉ ቅርጹን የሚለውጠው ደግሞ ከሥሩ ያለው ሻንሲ ሲጠማዘዝ ነው። መኪናዋ ቆማ፣ ያለ ጭነት፣ በክሪክ ብቻ ይህን ያህል ከተጠማዘዘች በመታጠፊያ ላይ ምን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም። የጎማው አቀማመጥ፣ የመሪው ስሜት፣ የፍሬኑ ሚዛን ሁሉም የሚለኩት ከሻንሲው ተነስተው ነው። መለኪያው ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላውን ማስተካከል ትርጉም የለውም።

አሁን ደግሞ ጉልበቱን እንይ። 2.8 ሊትሩ ቪ6 የሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይል 220 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ጤናማ 5.0 ቪ8 ወደ 400 ይደርሳል። የአንደኛ ማርሽ ጥምርታ 3.35፣ የዲፈረንሻሉ 3.5 ነው ብለን እናስላ። በመንገድ የሚባክነውን ትተን፣ ቪ6ቱ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚልከው 2,580 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን ቪ8ቱ 4,690 ይልካል። ይህ ሁሉ በዲፈረንሻሉ መያዣዎች፣ በኋላ ሰስፔንሽን ክንዶችና በሞተሩ መቀመጫዎች አልፎ በመጨረሻ የሚያርፈው እነዚያው ብየዳዎች ላይ ነው።

ይህ ለዋናዋ መኪና ሠሪዎችም የተሰወረ አልነበረም። ካሮል ሼልቢ በ1962 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ኤሲ ኩባንያ ይሠራት በነበረችው «ኤስ» በተባለች ቀላል መኪና ውስጥ 4.3 ሊትር የፎርድ ቪ8 ሲያስገባ ኮብራ ተወለደች። ቀጥሎ 4.7 ሊትር ገባባት። በ1965 ባለ 7.0 ሊትሯ ስትመጣ ግን የተቀየረው ሞተሩ ብቻ አልነበረም። የሻንሲው ሁለት ዋና ቱቦዎች ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች ወፈሩ፤ ባሌስትራው ወጥቶ በቦታው ሞላ ገባ። ፋብሪካው እንኳ ትልቁን ሞተር በአሮጌው ሻንሲ ላይ መጫን አልደፈረም። በቅጂዎች ዓለም ግን መጀመሪያ ሞተሩን ገዝቶ «ይገባል ወይስ አይገባም?» ማለት የተለመደ ነው። ሞተር ቦታ ስለበቃው ብቻ ገባ አይባልም።

አንድ ነገር ከግራይንደሩ በፊት ያድርጉ፤ ወደ ተሽከርካሪ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ሻንሲ መቀየር ወይም በሰፊው ማሻሻል በብዙ አገሮች የመኪናዋን ማንነትና ምዝገባ ይነካል፤ የሞተር መቀየርም እንዲሁ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ብረት ቆርጦ ከጣሉ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከዚያ ቦዲውን ያውርዱ። ከማውረድዎ በፊት የበሮቹን፣ የኮፈኑንና የኋላ ክዳኑን ክፍተት በየጥጉ ለክተው ይጻፉ፤ ፎቶም ያንሱ። ቦዲው የተጣመመ ሻንሲ ላይ ተስቦ ታስሮ ከነበረ ሲፈታ ወደ ራሱ ቅርጽ ይመለሳል። ይህን የሚያውቁት የቀድሞው ልክ በእጅዎ ካለ ብቻ ነው።

ሻንሲው ባዶውን ሲቀር በጠፍጣፋ ወለል ላይ እኩል ከፍታ ባላቸው አራት መቀመጫዎች ያስቀምጡትና ከፊት የሰስፔንሽን መያዣ እስከ ኋላው በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ሰያፎች ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ጠማማ ነው ማለት ነው። በግራና በቀኝ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውንም ያነጻጽሩ፤ በዋናዋ ኮብራ ይህ ርቀት 2,286 ሚሊሜትር ነበር፤ የቅጂው ቦዲ የጎማ ቅስቶችም በአብዛኛው የሚገጥሙት እዚያው አካባቢ ነው።

የመጠማዘዝ ፈተናውን እንዳይዘሉት። የኋላውን ጫፍ በሁለቱም በኩል ከወለሉ ጋር አጥብቀው ይሰሩ። የፊቱን ጫፍ መሃሉ ላይ ብቻ፣ ወደ ግራና ቀኝ መጋደል እንዲችል፣ በክብ ብረት ላይ ያሳርፉት። ከፊት ሰስፔንሽን መያዣዎች ጋር አግድም ጠንካራ ብረት አስረው ከመሃል በትክክል 1 ሜትር ላይ 100 ኪሎ ይስቀሉ። ይህ 980 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ከመሃል 1 ሜትር ላይ ብረቱ 17.5 ሚሊሜትር ከወረደ ሻንሲው 1 ዲግሪ ተጠማዟል። የታሰረው የኋላ ጫፍም ትንሽ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል እሱንም ለክተው ይቀንሱ። ንባቡ 10 ሚሊሜትር ከሆነ በዲግሪ 1,700 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህ በእኔ ሚዛን ለቪ6ቱም አይበቃም። ለመንገድ የሚሆን 5.0 ቪ8 ለመጫን ቢያንስ 4,000 እፈልጋለሁ፤ ማለትም በዚያው ክብደት ከ4 ሚሊሜትር ብዙም ያልበለጠ መውረድ።

ብየዳዎቹን በዓይን ብቻ አይመኑ፤ በተለይ በግራይንደር ተስተካክለው ቀለም የተቀቡትን። ጀማሪ በያጅ ማሽኑን ዝቅ አድርጎ ሲበይድ ብረቱ ከላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከውጭ ሲታይ ግን ያማረ መስመር ነው። ቀለሙን እስከ ባዶ ብረት አንሥተው ቀይ የስንጥቅ መፈተሻ ቀለም ይርጩ፤ ጥቂት ቆይተው በደንብ ጠርገው ነጩን ገላጭ ይርጩበት። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ዘዴው የሚያሳየው እስከ ላይ የወጣ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ የሰስፔንሽንና የመቀመጫ ቀበቶ መያዣ ብየዳዎችን ብቁ በያጅ እንዲያያቸው ያድርጉ። የቱቦላሬውንም ውፍረት ይለኩ፤ ከውስጥ ዝገት የበላው ቱቦ ከውጭ አይታወቅም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ወጥቼ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ብረት ከመበየድዎ በፊት ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አያጥቡ። በብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ዚንክ የተቀባ ብረትም ዚንኩ ሳይፋቅ ከተበየደ ጭሱ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል።

ሻንሲው ከፈተናዎቹ ከወደቀ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ይጣል። ለዚህ ዓይነት ቦዲ የተፈተነ ሻንሲ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ በመጥፎ ብየዳ ላይ ሌላ ብየዳ እየደረቡ ከሚያጠፉት ጊዜና ገንዘብ ሁሌም ይሻላል። ሰያፉ ትክክል፣ ብየዳው ጥልቅ ሆኖ ጉድለቱ መጠማዘዝ ብቻ ከሆነ ግን ማዳን ይቻላል። ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚሠሩት ስህተት በቱቦላሬው ጎን ላይ ወፍራም ላሜራ መለጠፍ ነው። ክብደት ይጨምራል፤ ጥንካሬው ግን እምብዛም አይለወጥም። መጠማዘዝን የሚቋቋመው የተዘጋ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ የሚያቅፈው ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ጥንካሬው ከእጥፍ እጅግ በላይ ያድጋል። ስለዚህ በመሃል ካምቢዮው የሚያልፍበትን ዋሻ ከላይ፣ ከሥርና ከጎን በተበየደ ቀጭን ላሜራ ዘግተው እንደ ሳጥን ይሥሩት። በሞተሩ ክፍልም ሰያፍ ቱቦዎችን ያስገቡ። ካምቢዮውን ለማውረድ የሚፈታው የዋሻው የታች ክፍል በብዙ ብሎን የሚታሰር ይሁን። ከዚያ ፈተናውን ይድገሙት።

መሪው ጉብታ ላይ ራሱን የሚያዞረው በአብዛኛው የመሪው ሳጥን በተሳሳተ ከፍታ ላይ ስለተገጠመ ወይም ለሌላ መኪና ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ነው። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የመሪው ክንድ የሚሄድበት ቅስት ከሰስፔንሽኑ ቅስት ጋር ካልተስማማ ክንዱ ጎማውን ይጎትተዋል ወይም ይገፋዋል። ሞላውን አውጥተው፣ በጎማው ቦታ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አስረው፣ በክሪክ በ25 ሚሊሜትር ደረጃ እያነሱ የሰሌዳውን የፊትና የኋላ ጠርዝ ይለኩ። የሚያሳየው ልዩነት የመሪውን ሳጥን ወደ የት ማንቀሳቀስ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። ይህን ከሞተሩ በፊት ይጨርሱ፤ የሳጥኑ ትክክለኛ ቦታ ከታወቀ በኋላ ነው የሞተሩ የዘይት መያዣ የት ማለፍ እንደሚችል የሚታወቀው። የመሪው ዘንግ የሆነ ቦታ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ያለ ክርክር ይቀየር።

አሁን ወደ ሞተር ምርጫው። «ፎርድ 5.0» ሲሉ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ይለዩ። በ1968 የመጣው 302 የሚባለው አሮጌው ንድፍ ጠባብና አጭር ነው። ከ2011 ጀምሮ በሙስታንግ ውስጥ ያለው «ኮዮቲ» ግን በየቴስታታው ሁለት ካም ሻፍት ስላለው በጣም ሰፊ ነው፤ በእርስዎ ሻንሲ የፊት ክፍል ውስጥ ለማስገባት መሪውንና የጭስ መውጫውን ከባዶ ማሰብ ይጠይቃል። እሱን ይተዉት። በአሮጌው 302 እና በአሉሚኒየሙ ኤልኤስ መካከል የክብደቱ ልዩነት ምርጫውን የሚወስን አይደለም፤ በተለይ 302ቱ የአሉሚኒየም ቴስታታ ካለው። የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የ302 ዲስትሪቡተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ከፊት ስለሆነ ሞተሩን ወደ ኋላ እስከ እሳት መከላከያው ግድግዳ ድረስ መግፋት ይቻላል፤ የጄኔራል ሞተርስ በሆኑት በአሮጌዎቹ የሼቭሮሌት ቪ8ዎች ግን ከኋላ ነው። ኤልኤስ ዲስትሪቡተር የለውም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩን፣ ገመዱንና ሴንሰሮቹን ሳያጎድሉ ከአንድ መኪና ካላገኙት ራስ ምታት ነው። የዘይት መያዣው ጥልቅ ክፍል ከፊት ወይም ከኋላ የሆነበት ዓይነት ለ302 በቀላሉ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ የመሪው ሳጥን ባለበት ላይ ተመሥርተው መምረጥ ያስችልዎታል።

ለእርስዎ መኪና 302ን እመርጣለሁ። ገመዱ ጥቂት ነው፤ ጠባብ ነው፤ ከመኪናዋ ታሪክም ጋር ይሄዳል። ካምቢዮውን፣ ኮምፒውተሩንና ገመዱን ከነሞተሩ በአንድ ላይ ያቀፈ ከአንድ መኪና የወጣ ኤልኤስ ካገኙ ግን አልከራከርዎትም፤ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የተሻለ ባሕርይ ያለው እሱ ነው።

ሞተሩን ሲያስቀምጡ ባዶውን ብሎክ ከካምቢዮው ጋር አጋጥመው ይጠቀሙ፤ ሙሉው ሞተር ለሙከራ በጣም ይከብዳል። በተቻለ መጠን ወደ ኋላና ዝቅ ያድርጉት፤ የፔዳሎቹ ቦታ ግን አይጥበብ። ሞተር በጎማ መቀመጫዎቹ ላይ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ በጭስ መውጫውና በመሪው ዘንግ መካከል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይተዉ፤ የፍሬን ቱቦም ከዚያ ሙቀት ይራቅ።

ንዝረቱ በተለይ ነዳጅ ሲሰጥ የሚመጣ ከሆነ የምጠረጥረው ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ሻፍት ነው። በኮብራ ይህ ሻፍት በጣም አጭር ስለሆነ ትንሽ የከፍታ ወይም የጎን ልዩነት ትልቅ ማዕዘን ይፈጥራል። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ እርስ በርስ ትይዩ ይሁኑ፤ በሁለቱ ክሮቸራዎች (በሻፍቱ ጫፎች ባሉት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ላይ ያለው ማዕዘን እኩል፣ ከ3 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ግን ፍጹም ዜሮም ያልሆነ ይሁን፤ ክሮቸራው ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ትንሽ መንቀሳቀስ አለባቸውና። የከፍታውን ብቻ ሳይሆን የግራና ቀኙንም ማዕዘን ይለኩ፤ ብዙዎች ይህን ይረሳሉ። ካምቢዮው የሚታሰርበት ሽፋን ከቮላኖው መሃል ጋር መገጣጠሙንም በዲያል መለኪያ ያረጋግጡ፤ ሙሉ ዙር ሲዞር ንባቡ ከ0.13 ሚሊሜትር ባይበልጥ ነው የሚመረጠው። ዲፈረንሻሉና የኋላ አክስሎቹ ከትንሽ የቤት መኪና የመጡ ከሆነ ከላይ ያሰላነውን 4,690 ይዘው ያስቡባቸው።

ስለ ፍሬን፤ ሁለት የተለያዩ የፍሬን መስመሮችን ለየብቻ የሚገፋ ማስተር (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ዋና የፍሬን ሲሊንደር) ከሌላት መኪናዋ ከጋራዥ አትውጣ። ፔዳሉ ከባድ ከሆነ ትልቅ ማስተር መግጠም ያቀለዋል የሚል የተለመደ እምነት አለ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በአንድ ዓይነት የእግር ኃይል፣ ማስተሩ ከ22 ወደ 19 ሚሊሜትር ሲጠብ ግፊቱ በ34 በመቶ ያህል ያድጋል፤ የፔዳሉ ጉዞ ግን በዚያው መጠን ይረዝማል። የፊትና የኋላው ሚዛን የሚስተካከለው መኪናዋ ከነሞተሯ፣ ከነነዳጇ፣ ከነነጂዋ በአራት ሚዛን ላይ ከተመዘነች በኋላ ነው።

ሙቀቱ በዝግታ ስትሄድ የሚመጣ ከሆነ ራዲያተሩን ከማሳደግዎ በፊት አየሩ ከሞተሩ ክፍል በምን እንደሚወጣ ይመልከቱ። በጎኖቹ ያሉት መተንፈሻዎች በብዙ ቅጂዎች ላይ ለጌጥ የተሠሩና ከውስጥ የተደፈኑ ናቸው። ይክፈቷቸው፤ ራዲያተሩን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን የአየር መሰብሰቢያ ከፋኑ ጋር ይግጠሙ፤ አየር በቀፎው ዙሪያ እንዳያመልጥ ክፍተቱን ይዝጉ። የውሃ መሙያው ጋን ከሥርዓቱ ሁሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ካርቡራተር የሚፈልገው ግፊት ከግማሽ ባር አይበልጥም፤ ኤልኤስ ግን 4 ባር ገደማ ይፈልጋል። ኤልኤስን ከመረጡ ፖምፓው ብቻ ሳይሆን ቱቦውና ማሰሪያዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ። ግጭት ሲደርስ ፖምፓውን የሚያጠፋ ማብሪያም ይግጠሙ።

ከኤሌክትሪኩ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብረት ቦዲ የለመደ ኤሌክትሪሻን መብራቱን ቦዲው ላይ አስሮ ያልፋል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ መብራት እስከ ሻንሲው የራሱ የመሬት ገመድ ያስፈልገዋል። ከሞተሩ ወደ ሻንሲውም ወፍራም ገመድ ይኑር፤ አለበለዚያ የማስነሻው ኃይል በነዳጅ መስጫው ሽቦና በሌሎች ቀጫጭን ኬብሎች በኩል መመለሻ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ቀለሙ። አሁን አይቀባ። ቦዲው በታደሰው ሻንሲ ላይ ገና ልኩን አልያዘም፤ በሮቹ እንደገና ይፋቃሉ፤ ለአዲሱ ሞተር ግድግዳው ሊቆረጥ ይችላል። በፋይበሩ ላይ የሚያዩት የኮከብ ቅርጽ ስንጥቅ በስቱኮ ተሸፍኖ ከተቀባ ይመለሳል፤ እስከ ጨርቁ ድረስ ተፍቆ አዲስ ፋይበርና ሬዚን ሊገባበት ይገባል። ኤፖክሲ ሬዚን በአሮጌው የፖሊስተር ሬዚን ላይ በደንብ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን በኤፖክሲ ላይ አስተማማኝ ስላልሆነ ሁለቱን ሲያፈራርቁ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ሲፍቁ የአፍንጫና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። መኪናዋ ተገጣጥማ፣ ሕጋዊ ምርመራዋን አልፋ፣ ቀለም ሳትቀባ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ትነዳ። ከዚያ የሰስፔንሽኑን፣ የሞተር መቀመጫውንና የሻፍቱን ብሎኖች በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ፤ በፋይበሩ ላይ አዲስ ስንጥቅ መኖሩን ይዩ። ምንም ችግር ከሌለ ቦዲው ይውረድና ወደ ቀለም ቀቢው ይሂድ።